ጠመኔ በዱቤ
የአንባቢያን ጥያቄና የአንድ ጡረተኛ ርእሰ መምህር መልስ

በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ገንዘብ ነገር ናቸው። ወላጅ ጽፏል፣ መምህር ጽፏል፣ ባሕር ማዶ ያለም ጽፏል። ሁሉም «ገንዘቡ የት ነው?» ይላል። 26 ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ግማሹን በርእሰ መምህርነት። ስለዚህ ብዙውን መልስ ከመመሪያ ሳይሆን ከራሴ ጭንቀት ነው የማወጣው። አምስቱን መርጫለሁ።

*«ሰላም ጋሼ። ሁለት ልጆቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ትምህርት በነፃ ነው ይባላል። እኛ ግን በየዓመቱ ምዝገባ ላይ ‹መዋጮ› እየተባለ እንከፍላለን። አምና 300 ብር ነበር፣ ዘንድሮ 600 ሆነ። ካልከፈልሽ ልጁ አይመዘገብም አሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ‹በኋላ ነይ›። እኔ ገንዘቡ አይደለም የከነከነኝ፣ ‹በኋላ ነይ› የምትለዋ ናት። ይኼ ነገር ሕጋዊ ነው?» (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰሜን ሸዋ)*

እኅቴ፣ ቀጥታ ልንገርሽ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርቱ ነፃ ነው፣ መዋጮው በፈቃድ ነው። ልጅን ከመዝገብ የሚያስቀር መዋጮ የለም። ደረሰኝ የሌለው መዋጮ ደግሞ መዋጮ አይባልም፣ ስሙን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ግን ርእሰ መምህሩን ከመክሰስሽ በፊት እሱ ያለበትን ቦታ ላሳይሽ። ልከላከልለት አይደለም።

ገንዘቡ የሚመጣው በረጅም ቧንቧ ነው። ፌዴራል መንግሥት ለክልል ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ በቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ወረዳው የደረሰውን ጥቅል ገንዘብ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ራሱ ይከፋፍላል። ትምህርት ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ይኼን ሰምቶ «ታዲያ ምን ጎደላችሁ?» የሚል ሰው አያለሁ። የጎደለው ምን መሰለሽ፣ ያ ትልቅ ድርሻ ሁሉም ማለት ይቻላል የመምህራን ደመወዝ ነው። ደመወዝ ደግሞ አይነካም፣ መነካትም የለበትም። ከዚያ የሚተርፈው «ሥራ ማስኬጃ» ይባላል። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የዘበኛው የባትሪ ድንጋይ ሁሉ ከዚያች ነው የሚወጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የወረቀት ዋጋ ምን እንደሆነ ሱቅ የምትሄጂ ሰው ስለሆንሽ አልነግርሽም። ሥራ ማስኬጃዋ ግን ከገበያው ጋር አልሮጠችም።

ርእሰ መምህሩ ወደ አንቺ የሚመጣው ለዚህ ነው። መምጣቱ ጥፋት አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው፣ እኛ «ብሉ ቡክ» የምንለው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ራሱ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቱን እንዲደግፍ፣ ትምህርት ቤቱም የውስጥ ገቢውን ራሱ ላይ እንዲያውል ይፈቅዳል። ጥፋቱ አሰባሰቡ ላይ ነው። 600 ብር ማን ወሰነው? የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረቱ ተሰብስቦ ከሆነ ቃለ ጉባኤ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ለምን እንደሚውል ተጽፏል፣ መክፈል የማይችል ወላጅ ምን እንደሚደረግም መጻፍ አለበት። ቃለ ጉባኤ ከሌለ አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የወሰነው።

እኔ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አላውቅበትም ነበር። መዋጮ ሰብስቤ፣ ጣውላ ገዝቼ፣ «ሠራሁላችሁ» ብዬ ምስጋና እጠብቃለሁ። ያገኘሁት ሐሜት ነው። በሁለተኛው ዓመት የገቢና ወጪውን ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ። አንድ ማንበብ የማይችሉ አባት ሴት ልጃቸውን ይዘው መጥተው አስነበቧት። ከዚያ ግቢውን ዞረው ቆጠሩና ቢሮዬ ገቡ። «14 ጣውላ ብለሃል፣ እኔ ያየሁት 12 ነው» አሉ። ሁለቱ አናጢው ጋ ነበሩ። ሄደው አይተው መጡ። ክፉኛ ተናድጄ ነበር ያን ቀን። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የከፈሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ጎረቤቶቻቸውንም አስከፈሉ።

አንቺ የምታደርጊው እንግዲህ፣ መጀመሪያ የኅብረቱን ሰብሳቢ ፈልጊ። ሰብሳቢውም እንዳንቺ ወላጅ ነው። ቃለ ጉባኤውን አሳየኝ በይው። ካላሳየሽ ለወረዳው ወይም ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂውን ያዢ። ከሌሎች ሦስት አራት ወላጆች ጋር ብትሄጂ ይሻላል፣ ብቻዋን የመጣች ሴት «ተሳዳቢ» ትባላለች፣ አራት ሆነው ሲመጡ ወንበር ይወጣል። አልሆነም ካልሽ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ልጆችሽን ግን በዚህ መሐል ከክፍል አታስቀሪ።

በነገራችን ላይ፣ የአዲስ አበባ ወላጆች ይኼን አንብባችሁ «እኛ ጋ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል፣ ምገባም አለ» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ያን ሲያደርግ ቆይቷል። ከተማው የራሱ ግብር ሰብሳቢ ነው። የገጠር ወረዳ ግብር የሚሰበስበው ከማን ነው?

*«ጋሼ፣ ዘንድሮ ነው የተሾምኩት። ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። 700 ተማሪ አለ። መስከረም ላይ አንዲት ጠመኔ አልነበረችም። ከባለሱቅ በዱቤ ወሰድኩ፣ በራሴ ስም ፈርሜ። አሁን ታኅሣሥ ነው፣ ከወረዳ የመጣ ነገር የለም። ባለሱቁ ሰላምታዬን መመለስ ትቷል። አምና ደግሞ ገንዘቡ ሰኔ ላይ መጥቶ ሳይገዛበት ተመለሰ ይላሉ። እኔ መምህርነቱን ነው የተማርኩት፣ ይኼን ማንም አላስተማረኝም።» (አዲሱ ርእሰ መምህር፣ ከጎጃም)*

የኔ ወንድም፣ እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጣህ። በዱቤ ጠመኔ ያልገዛ ርእሰ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም አንድ ዓመት ሦስት ካርቶን ወስጄ፣ ባለሱቁ ገበያ መሐል «ዳይሬክተር! የኔን ነገር!» ብሎ ተጣርቶ ተማሪዎቼ ፊት አሳፍሮኛል።

በመጀመሪያ የዱቤውን እሳት አጥፋ። በራስህ ስም ፈርመሃል፣ ያ አደገኛ ነው። ኅብረቱን ሰብስብ፣ ጠመኔው ለትምህርት ቤቱ መዋሉን፣ ብዛቱንና ዋጋውን በቃለ ጉባኤ አስይዝ። ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ ገቢ ቅጽ ገቢ ያድርገው፣ ለመምህራን ሲሰጥ ሞዴል 22 በሚባለው የዕቃ ወጪ ቅጽ ወጪ ይሁን። ባለሱቁ ሲከፈለው ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጥ የሚችል መሆኑን አረጋግጥ። ካልሆነ ገንዘቡ ሲመጣ በምን ልታወራርድ ነው? ኦዲተር ፎርሙ ላይ «ቅን ልብ» የሚል ረድፍ የለውም። ልጆች እንዳይጦሙ ብሎ ከኪሱ ያወጣና በኋላ «ጉድለት ተገኘበት» የተባለ ጓደኛ ነበረኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ያንተ ችግር የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፣ የቀን መቁጠሪያም ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ትምህርት ግን መስከረም ላይ ነው የሚጀምረው። በሰኔ መጨረሻ ግድም በፓርላማ ይጸድቃል፣ ወደ ክልል ይወርዳል፣ ወደ ወረዳ ይወርዳል፣ የወረዳው ምክር ቤት ይደለድላል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከዚያ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ፑል ውስጥ ይገባል። ፑል ማለት ያው፣ የብዙ መሥሪያ ቤት ሒሳብ በጥቂት ሰዎች የሚሠራበት ክፍል ነው። ያንተ የጠመኔ ጥያቄ ከጤና ጣቢያው ነዳጅና ከግብርናው አበል ሥር ተኝታለች። እዚያ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ጠላትህ አይደለም፣ የወረቀት ክምር ውስጥ የሰመጠ ሰው ነው። በአካል ሂድ። ቅዳሜ ገበያ የሚመጣ ከሆነ ገበያ ላይ አግኘው። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ስኩል ግራንት የምንለው የትምህርት ቤት ድጎማ ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር የመጣ ነው፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ነው የሚላከው፣ ለደመወዝ አይውልም፣ ትልቁ ድርሻም ለመማር ማስተማር ነው። እዚህ ላይ የብዙ ርእሳነ መምህራን ስንፍና አለ፣ እኔንም ጨምሮ። የተማሪ ቁጥር መረጃ ሳትልክ፣ ያለፈውን ዓመት ሳታወራርድ፣ «ግራንቱ ዘገየ» ብለህ ወረዳውን ትሳደባለህ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፣ የኛም ነገር እንዲያ ነው። መረጃህን ጥቅምት ሳያልቅ አስገባ፣ የተቀበለህን ሰው ፊርማ ያዝ።

ሰኔን በተመለከተ። ገንዘብ ሰኔ 15 ይመጣል፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ያልተጠቀምክበት ወደ ካዝና ይመለሳል። ስለዚህ በ15 ቀን ውስጥ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለት ከነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስበህ፣ ግዥ ኮሚቴ አስፈርመህ፣ ዕቃ ልታስገባ ነው። ሰው ሲሯሯጥ የሚያስፈልገውን ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ያለውን ይገዛል። አንድ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ገና ላስቲኩ ያልተቀደደ የወለል መወልወያ ክምር አይቻለሁ። ወለሉ አፈር ነው!

አንተ ግንቦት ላይ ዝርዝርህን ጨርስ። የማይበላሽ ዕቃ ብቻ፦ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ ካርቦን፣ ቀለም፣ ሚስማር፣ ቁልፍ። ነጋዴዎቹን አስቀድመህ አነጋግር፣ ፕሮፎርማውን ግን ገንዘቡ ሊመጣ ሲል ውሰድ፣ ዛሬ ዛሬ ባለሱቅ ዋጋውን ከሳምንት በላይ አይጠብቅልህም። ሰኔ ላይ የምትገዛው ጠመኔ የመስከረም ጠመኔህ ነው። እኔ ይኼን የተማርኩት በአምስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ባለሱቁ በሰላም ሻይ ይጋብዘኝ ነበር። ጠመኔውን ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ ክረምቱ እርጥበት ነው፣ የረጠበ ጠመኔ አይጽፍም፣ ሰሌዳውን ይቧጥጣል።

ቀጥሎ የውስጥ ገቢ። ግቢህ ውስጥ ሣር አለ? ጎጃም ነው ያልከኝ፣ መኖር አለበት። ሣሩን በስምምነት ለሰው አትስጥ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ለአንድ የቀበሌ ሰው ዘመድ ሰጥቼ ስሜን አጥፍቻለሁ። እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በር ላይ በጨረታ ሽጠው፣ ሁሉም እየሰማ። ዋጋው ዓይንህ እያየ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ካለ ሁሉንም በአንዴ አታስቆርጥ። ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ በተራ ብትቆርጥ በየጥቂት ዓመቱ አውራጅና ማገር ትሸጣለህ። ጉድጓድ ውሃና የአትክልት ቦታ አጠገብ ግን አትትከለው፣ ይጠጣዋል። የእርሻ መሬት ካለህ ለእኩል ማረስ ሊያዋጣ ይችላል፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ምርት ሲከፈል ሁለት የኅብረቱ አባላት አውድማው ላይ ይቁሙ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ልጆቹን በትምህርት ሰዓት አጨዳ አታውጣ። ስንት ቦታ «የተግባር ትምህርት» እየተባለ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጤፍ ሲታጨድበት አይቻለሁ።

*«ለአዘጋጁ። በ1980ዎቹ አንድ የወሎ ትምህርት ቤት የተማርን ጓደኞች እዚህ ሜሪላንድ ተሰባስበን 40 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አግኝተናል። ለትምህርት ቤታችን ልንልክ ነው። መላኪያውን እያዋጣን ነው። ምን ዓይነት ደብዳቤ ያስፈልጋል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ደብዳቤውን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ፣ መብራት አለ ወይ በሉ። አለ ካሉ በሳምንት ስንት ቀን በሉ። ኮምፒውተር የሚያስተምር መምህርስ ተመድቧል ወይ?

በአንድ ትምህርት ቤት የተቆለፈ ክፍል ተከፍቶልኝ ገብቼ አውቃለሁ። ኮምፒውተሮቹ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል፣ እንደ ሙሽራ። በጣም ያምራሉ። ከተመረቁበት ቀን ወዲህ አልተከፈቱም። ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ጋ ነው፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ አንድ ማውዝ ቢጠፋ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ስለሚፈራ አይከፍትም። አልፈርድበትም።

የመርከቡን፣ ከጅቡቲ የሚያመጣውን ጭነትና የጉምሩኩን ጣጣ ደምሩት። በዚያ ገንዘብ እዚያው ከተማ ያለ ብረት በያጅ ስንት ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫና ጠረጴዛው የተያያዘ) ይሠራላችኋል? ሲሰበርም እሱው ይበይደዋል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከሆነ፣ ኮምፒውተር በኋላ ይደርሳል። ዴስክ ከሞላ ደግሞ የሴቶች ሽንት ቤት ጠይቁ፣ በር ያለው፣ ውሃ ያለው። በወር አበባ ምክንያት የምትቀር ልጅ ስንት እንደሆነች የመምህራኑን የስም መጥሪያ ብታዩ ትደነግጣላችሁ።

ገንዘቡን በአንድ የአክስት ልጅ በኩል አትላኩ። በትምህርት ቤቱ ስም የተከፈተ፣ ከአንድ ሰው በላይ የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይኑር። ፎቶ ብቻ አትቀበሉ፣ የገቢ ሰነዱን ቅጂ ጠይቁ። ወረዳውንም አነጋግሩ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ብዙ ትምህርት ቤት እየታደሰ ነው፣ እናንተ ጣሪያ ስትገዙ እነሱም ጣሪያ ገዝተው እንዳትገናኙ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብትቀየሙኝም። ሁሉም ስሙ የተጻፈበት ሕንጻ መስጠት ይወዳል። ሕንጻ ግን አምፖል ይፈልጋል፣ ቀለም ይፈልጋል፣ ጠራጊ ይፈልጋል። ያን ማን ሊከፍል ነው? 40 ሰዎች ከሆናችሁ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ትንሽ ትንሽ አዋጥታችሁ የዓመት ጠመኔና ወረቀት ብትችሉ፣ ከላይ ባለው ደብዳቤ ያለው አዲሱ ርእሰ መምህር ዓይነት ሰው እግራችሁን ይስማል። ጠመኔ ላይ ስም አይጻፍም፣ እሱን ከቻላችሁት።

*«መምህር ነኝ። ወረቀት ስለሌለ ፈተና ሰሌዳ ላይ ጻፍ ተባልኩ። ክፍሌ 72 ተማሪ ነው። የኋላው አያይም፣ የፊቱ ይኮርጃል። ከኪሴ ላባዛ?»*

አታባዛ። ደመወዝህን አውቀዋለሁ። የክላስተር (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች) ማእከላችሁ ማባዣ ካለው ወረቀቱን ብቻ ይዘህ በሱፐርቫይዘሩ በኩል ጠይቅ። ፈተናውን በግማሽ ገጽ አጥበህ ጻፈው፣ ጥያቄው ወረቀቱ ላይ መልሱ ደብተር ቅዳጅ ላይ ይሁን፣ ወረቀቱን ሰብስበህ ለሌላው ሴክሽን ትጠቀምበታለህ። ግድ ሰሌዳ ከሆነ ክፍሉን ለሁለት ክፈልና ግማሹ ውጭ ይጠብቅ፣ ለሁለተኛው ጥያቄዎቹን ቀይር። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ደግሞ ከኪስህ ያወጣኸውን ሁሉ ቀኑን ጠቅሰህ ማስታወሻ ያዝ። ይመለስልሃል አልልህም፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲወጣ ግን ቁጥር ይዘህ ትናገራለህ።

*«8ኛ ክፍል ነኝ። አዲሱ መጽሐፍ ለአራት አንድ ነው የደረሰን። መምህራችን ፒዲኤፉን ስልክ ላይ አውርዱ ይላሉ። ቤታችን ያለው ስማርት ስልክ የአባቴ ነው፣ እሱ ሹፌር ነው፣ ማታ አራት ሰዓት ነው የሚገባው። ሚኒስትሪ ደረሰብኝ።»*

የኔ ልጅ፣ አባትሽ እስኪገባ አትጠብቂ፣ እንቅልፍሽን ታጪያለሽ። ከሦስቱ ጓደኞችሽ ጋር ቀን ተከፋፈሉ፣ መጽሐፉ አንድ ቤት ከሁለት ሌሊት በላይ አይደር። ያልደረሰሽ ቀን ካለፈው ምዕራፍ ጥያቄ አውጪ። አራታችሁ አንድ ሰፈር ከሆናችሁ ቅዳሜ አብራችሁ አንብቡ፣ አንዷ ጮክ ብላ ታንብብ፣ ሌሎቹ ጻፉ። ርእሰ መምህራችሁን ደግሞ አንድ ነገር ለምኚልኝ፣ ቢያንስ ከየትምህርቱ አንድ አንድ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቅር፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይከፈት። አንቺ ብቻሽን ሳይሆን አራታችሁ ሂዱ።

መጽሐፉ አንድ ለአራት ስለሆነ ቶሎ ይገነጠላል። ሳይገነጠል በፊት ጀርባውን በመርፌ ስፉት፣ ከዚያ የዱቄት ሙጫ ቀብታችሁ የሲሚንቶ ወረቀት ልበሱት። ቀጭን ክር ወረቀቱን ይቆርጠዋል፣ የጆንያ መስፊያውን ፈልጊ።